በሃናን ጥፍር ላይ የቀባሁት ቀለም

ይህን ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ለባሌ አልነገርኩትም፤ ጎኔ ተኝቶ አርጅቶ ሳያውቅ ሞተ። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። ጾም በገባ ቁጥር ተክለ ሃይማኖት እሄዳለሁ፤ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የምላሴን ክፋት እናዘዛለሁ፤ ይችን አንዷን ግን ይዣት ሄጄ ይዣት እመለሳለሁ። ዘንድሮ ለአንድ ሰው ተናገርኩ። ለእሷም ቢሆን ዋናውን እንጂ ሁሉን አልነገርኳትም። ሁሉን የምናገረው አሁን ለእናንተ ነው። አታውቁኝም፤ አላውቃችሁም። ምናልባት አፌን የፈታልኝ ይኸው ይሆናል። ይህም ራሱ ፈሪነት ነው፤ አውቀዋለሁ።

አስካለ እባላለሁ። መርካቶ፣ ሰባተኛ፣ ብዙ ቤተሰብ በአንድ በር የሚገባበትና ከአንድ ቧንቧ የሚቀዳበት ግቢ ውስጥ ነው የኖርኩት። ባሌ ለክፍለ ሀገር ነጋዴዎች ዕቃ ያሽግ ነበር። ካርቶኑን በገመድ ጠፍሮ ካሰረ በኋላ ደሴ፣ ጅማ፣ ነቀምት እያለ የሚጽፍበት ጥቁር ማርከር ቤታችን ውስጥ ጠፍቶ አያውቅም። ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ ራሕመት ትባላለች። ስልጤ ናት፤ ዱባይ ተራ የልጆች ልብስ ትሸጣለች። ባሏ ጅቡቲ መስመር ላይ የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበር አንድ ሳምንት ካለ ሁለት ሳምንት የለም። ልጇን ሃናንን አገሯ እናቷ ዘንድ ሄዳ ወለደች፤ ልጅቷ ጠንከር እስክትል እዚያው ቆየች። በዚህ መሃል የኩፍኝ ክትባቷ አለፈ። ወደ ግቢያችን ስትመለስ ሃናን ድክ ድክ ትል ነበር። ራሕመት ሱቋን እንደገና ከፈተች፤ ልጅቷን ጠዋት ጠዋት እኔ ዘንድ ትታት መሄድ ጀመረች። እኔም ዮናስ የሚባል በዕድሜ ትንሽ የሚበልጣት ወንድ ልጅ ነበረኝና ሁለቱን ከአንድ ሳህን አበላቸው ነበር። አልወደድኳትም ብል እዋሻለሁ። ወድጃት ነው ያደረግኩት። ክፉ ብሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

አንድ ሰሞን በመኪና ላይ የተጫነ ሞንታርቦ ሰፈራችንን እየዞረ የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ መጀመሩን ተናገረ። ትንንሽ ልጆች ሁሉ ቀበሌው አዳራሽ እንዲመጡ ተባለ። ራሕመት ሻሿን እያሰረች በሬ ላይ ቆመች።

«አስኩ፣ ሃናንን አደራ» አለችኝ። «ያኔ አገር ቤት ሳለን ያመለጣት ይኸው ነው። እኔ ሱቁን ዘግቼ መምጣት አልችልም። ከዮናስ ጋር ይዘሻት ሂጂልኝ።»

«አታስቢ፣ እወስዳታለሁ» አልኳት።

አደራ ነው ያለችኝ። በእኛ አገር ይህን ቃል ሰው በከንቱ አያወጣውም። እኔም ሰምቼ፣ ተቀብዬ፣ እሺ ብዬ ነው።

ታዲያ ለምን አልወሰድኳትም? ዮናስ ገና ጡት እየጠባ ሳለ አንድ ጊዜ አስከትቤው ጭኑ አብጦ፣ ሰውነቱ እንደ እሳት ግሎ ነበር። አንዲት የግቢያችን ሴት በመርፌ ምክንያት እግሩ ስለሰለለ ልጅ ያወራችው ወሬ ትዝ አለኝ፤ ልጄ በእጄ ላይ የሚሞት መሰለኝ። ሲነጋ ደህና ሆኖ ተነሳ፤ ጡቱን ጠባ፤ ሳቀ። እኔ ግን መዳኑን ረሳሁና ትኩሳቱን ብቻ ይዤ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ መርፌ የሚባል ነገር ልጄን እንዳይነካው ለራሴ ማልኩ። ለሰው ግን አልተናገርኩም፤ ሰው ፊት «አዎ፣ አስከትቤዋለሁ» እያልኩ እኖር ነበር።

የዚያን ዕለት ሁለቱን ልጆች ይዤ እስከ አዳራሹ በር ሄጃለሁ። ሰልፉን አየሁ፤ የልጆቹን ለቅሶ ሰማሁ፤ ተመለስኩ። መንገድ ላይ አንዲት ጎረቤቴ ተከትባ የወጣች ልጇን አቅፋ አገኘኋት። የልጅቷ የግራ እጅ ትንሿ ጣት ጥፍሯ ላይ ጠቁራለች። የተከተበ ልጅ እንዲታወቅ የሚቀቡት ቀለም እንደሆነ፣ ቶሎም እንደማይለቅ፣ በኋላ ቤት ለቤት እየዞሩ ጣት እንደሚያዩ አጫወተችኝ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እኔ ያን ጊዜ ደስ አለኝ። መላ ያገኘሁ መሰለኝ።

ቤት ገብቼ የባሌን ማርከር ከመስኮቱ ላይ አነሳሁ። የዮናስን ጥፍር ቀባሁ። ቀጥዬ ሃናንን አየኋት። እዚህ ላይ ልቁም፤ ምክንያቱም እስከዚህ ድረስ ያጠፋሁት በገዛ ልጄ ላይ ነው። የሰው ልጅ ላይ እጄን ያነሳሁት ከዚህ በኋላ ነው። ሃናንን ብቻዋን መልሼ መውሰድ እችል ነበር። ግን የእሷን አስከትቤ የእኔን ብተው ሰው ይጠይቀኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞም ማታ ቢያተኩሳት እናቷ ምን ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ያየሁት የራሴን መወቀስ ነው። ልጅቷን አላየኋትም።

ሃናን ራሷ እጇን ዘረጋችልኝ። ለበዓል እናቷ ሂና ስትቀባት ስለለመደች፣ ጥፍር ሲቀባ እስኪደርቅ ጸጥ ብሎ መቀመጥ ታውቅበታለች። ጣቷን ይዤ ቀባሁት። እፍ እፍ አለችበት። እኔ ነኝ የቀባሁት። ማንም አላዘዘኝም፤ ማንም አላሳሳተኝም። እኔ፣ በእጄ፣ ጣቷን ይዤ።

ዘመቻው ሊያልቅ ሲል አንዲት ወጣት ከታቢ የበረዶ ሳጥኗን በትከሻዋ አንግታ ወደ ግቢያችን መጣች። አዳራሹ ውስጥ ከሚከትቡት አንዷ ነበረች፤ አሁን የቀረ ልጅ ካለ ብላ ቤት ለቤት ትዞራለች። የሁለቱንም ጣት አየች። ሃናንን ጉንጯን ነክታ «ጎበዝ» አለቻት፤ በሬ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጋ ሄደች። ማታ ራሕመት ስትመጣ ያችን የጠቆረች ጣት ሳመቻት። እኔንም መረቀችኝ። ምርቃቱን ተቀበልኩ።

ክረምቱ እንደወጣ ሰባተኛ ውስጥ ኩፍኝ ገባ ተባለ። ግቢያችን ውስጥ መጀመሪያ የያዘው ዮናስን ነው። አሳለው፤ ዓይኑ ቀላ፤ አፍንጫው ፈሰሰ። ከዚያ ከጆሮው ጀርባ ጀምሮ ፊቱን፣ ደረቱን ሽፍታ ወረሰው። ገና ሳየው አወቅኩት። ራሕመት መጥታ ስትጠይቀኝ ግን የሙቀት ሽፍታ ነው አልኳት። አመነችኝ። ተከትቧል፤ ኩፍኝ ሊሆን አይችልም ብላ ራሷ አጸናችልኝ። ሃናን በዚያው ሰሞን ከዮናስ አጠገብ ነበረች፤ በአንድ ፍራሽ ላይ ይጫወቱ ነበር። ያን ጊዜ እንኳ አንድ ቃል ተንፍሼ ቢሆን ኖሮ፣ ውሰጃት፣ ልጅሽ አልተከተበችም፣ ጤና ጣቢያ ሩጪ ብዬ ቢሆን ኖሮ! ገና አልረፈደም ነበር። ሙሉ ጤነኛ ልጅ ነበረች። እኔ ግን አፌን ዘጋሁ።

ሃናን ስትታመም ራሕመት አልደነገጠችም። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ፤ ያላስደነገጣት የእኔ ቃል ነው። አንዲት የግቢያችን አሮጊት ልጅቷን አይተው «ይሄ ኩፍኝ ነው» ሲሏት፣ ተከትባለች እኮ ብላ መለሰችላቸው። ከፋርማሲ የሳል ሽሮፕ ገዝታ ሰጠቻት። ቀናት አለፉ። ልጅቷ ምግብ እምቢ አለች፤ ትንፋሿ ፈጠነ፤ ዓይኗ በዓይናር ተጣብቆ አልከፈት አለ፤ ብርሃን ሲነካት ትጮህ ጀመር። ያን ጊዜ ነው ተሸክመናት ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ሆስፒታል የሮጥነው።

ሐኪሙ ልጅቷን እያየ ተከትባ እንደሆነ ጠየቀ። ራሕመት ተከትባለች አለችና ወደ እኔ አመለከተች። «እሷ ናት ወስዳ ያስከተበችልኝ።» ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። አዎ ብዬ አንገቴን ነቀነቅኩ። አልፎ አልፎ የተከተበም ልጅ ሊይዘው ይችላል፤ ቢይዘውም ብዙ ጊዜ እንዲህ አይጠናበትም፤ ለምን እንደጠናባት አልገባኝም አለ። እኔ ያችን «አልፎ አልፎ» ለቀም አደረግኳት። ስንት ዓመት ኖርኩባት መሰላችሁ። ሰው በተናገረ ቁጥር እሷን አነሳ ነበር፤ ሐኪሙ እኮ ብሏል እያልኩ።

ሳንባዋ ዳነላት። ዓይኗ ግን አልዳነም። አንደኛው እንዳለ ነጣ፤ ሌላው ብርሃንና ጥላ ከመለየት አላለፈም። ቀድማችሁ ብትመጡ ኖሮ ለዓይኗ የሚሰጥ ቫይታሚን ነበር አሉን። ዮናስ አገግሞ ግቢው ውስጥ ኳስ ይለጋ ነበር። የእኔው ልጅ ዳነ። የቀባሁት ሁለቱንም ነው፤ ዕዳውን የከፈለችው ግን የሰው ልጅ ናት።

የራሕመት አማት ከአገር ቤት መጡ። ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቅ በተሰበሰበበት፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ምራታቸው ገበያ ስትሮጥ የልጃቸውን ልጅ አሳወረች አሉ። እናት ቤቷ ብትውል ኖሮ የልጇን ሕመም ቀድማ ታውቅ ነበር አሉ። ራሕመት አንገቷን ደፍታ ሰማች። አልተከላከለችም። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ለእንግዳው ሽንኩርት እከትፍ ነበር። መክተፌን አላቆምኩም። እዚያ ክፍል ውስጥ እውነቱን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አንዲትን ሴት ከዕድሜ ልክ ፍርድ ማዳን እችል ነበር፤ ቢላዬን ይዤ ዝም አልኩ። እንባዬ ሲወርድ አንዷ ጎረቤት ጀርባዬን እያሻሸች «አስኩዬ፣ አንቺ እኮ ከእናቷ እኩል ነው የተጎዳሽው» አለችኝ። እንዲህ ያለ ሌብነት አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሰው ማጽናኛ ሁሉ ሰረቅኩ።

ራሕመት ሱቋን ለሰው አስተላልፋ ቤቷ ዋለች። ንግድ የሚያውቅ ሁሉ የሚያደንቃት ሴት ነበረች፤ ደንበኛ ገና በር ላይ ቆሞ የልጁን ልክ ትነግረዋለች። ከዚያ ወዲያ ዱባይ ተራ ስትባል ፊቷን ታዞራለች። ባሏ ከጉዞ ሲመለስ ግቢያችን የሚያድርበት ቀን እያነሰ ሄዶ በመጨረሻ ጨርሶ ቀረ።

ቀጥሎ የክትባት ዘመቻ ሲመጣ ያቺው ወጣት ከታቢ በራችንን አንኳኳች። ራሕመት ሃናንን በክንዷ አቅፋ ወጣችና ፊት ለፊቷ ቆመች።

«ያኔ ልጄን የወጋሻት ውሃ ነበር?» አለቻት።

ልጅቷ የሃናንን ዓይን አየች። ስንቱን ልጅ ከትቤያለሁ፣ እሷን ለይቼ አላስታውሳትም አለች። ቆይታ ደግሞ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ምናልባት በረዶው ቀልጦ መድኃኒቱ ተበላሽቶ ይሆናል፤ እኔ እንጃ» አለች። ሳጥኗን መሬት አስቀምጣ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። ከበሩ ኋላ ቆሜ እሰማለሁ። ያልሠራችውን ጥፋት በራሷ ውስጥ ስትፈልግ፣ ፈልጋም ስታገኝ ሰማኋት። ዳግመኛ ወደ ሰፈራችን አልመጣችም። ሥራውን ትታው ይሁን ወይም ሌላ ሰፈር መድበዋት አላውቅም። ስሟን እንኳ አልጠየቅኩም።

ራሕመት ከዚያ በኋላ ላገኘችው ሁሉ ክትባት ከንቱ ነው ትል ጀመር። ማስረጃዋ እቅፏ ውስጥ ነበረች፤ ማን ይከራከራታል? ግቢያችን ውስጥ ሞንታርቦ ሲሰሙ በራቸውን የሚዘጉ እናቶች መጡ። እኔስ? ከዓመታት በኋላ ሴት ልጅ ወለድኩ። የእሷን ክትባት አላስቀረሁም፤ አንድም ሳይቀር አስከተብኳት። ራሕመት እንዳታየኝ በሌላ በኩል ዞሬ፣ ሩቅ ወዳለ ጤና ጣቢያ ልጄን በነጠላ ሸፍኜ እወስዳት ነበር። እውነቱን ለራሴ ልጅ አተረፍኩት፤ ውሸቱን ለጎረቤቶቼ ልጆች ተውኩላቸው።

ሃናን አደገች። ዓይነ ስውራን የሚማሩበት ትምህርት ቤት ገባች፤ ጎበዝ ወጣች፤ ዛሬ መምህርት ናት። ራሕመት ባለፈው ዓመት በስኳር ሕመም አልጋ ላይ ስትውል አስታመምኳት። አንድ ቀን እጄን ይዛ፣ ዱባይ ተራ ባልሄድ ኖሮ ልጄ ታየኝ ነበር አለችኝ። ከዚያም «እኔ ጥያት ስሄድ አንቺ እናት ሆንሻት፤ አላህ ይስጥሽ አስኩ» አለች። ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። እንዲህ ያለ ቦታ፣ እንዲህ ያለ ሰዓት፣ ደግሞ አይሰጥም። እኔ ያልኩት «ተይ፣ እንዲህ አትበይ» ብቻ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞተች፤ በዕለቱ ቀበሯት። ልጇን ያሳወረች እናት ነኝ ብላ አምና ነው አፈር የገባችው።

ዘንድሮ ሃናን ወንድ ልጅ ወለደች። ልጠይቃት ሄድኩ። ሕፃኑን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝና አጠገቤ ተቀመጠች። የክትባቱ ቀን መድረሱን፣ ባሏ ይከተብ ማለቱን፣ እናቷ ግን በሕይወት ሳለች ልጅ ስትወልጂ እንዳታስከትቢ እያለች ታስምላት እንደነበር ነገረችኝ።

«እኔን ወስደሽ ያስከተብሽኝ አንቺ ነሽ» አለች። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

«አስከትቢው» አልኳት።

«እኔን ምን አደረገልኝ?»

እዚህ ላይ «አልፎ አልፎ» ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ መጥታ ነበር። ሕፃኑ በተኛበት ጣቴን ጨብጦ ይዟል። ዝም ብል በዚህም ልጅ ላይ ነው የምደግመው። እናቷን ቀብሬያለሁ፤ የቀረኝ ይኸው ነበር።

«አንቺ አልተከተብሽም» አልኳት።

ከዚያ ነገርኳት። የአደራውን፣ የማርከሩን፣ ሐኪሙ ፊት አንገቴን መነቅነቄን። ሃናን ሳታቋርጠኝ ሰማች። ፊቷ ወደ መስኮቱ ነበር።

«እናቴ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አታውቅም።»

«ስትሞትም?»

«ስትሞትም አታውቅም።»

ሃናን አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ «አንቺ» ስትለኝ ነው የኖረችው፤ እናቷን እንደምትጠራ። ሁለት እጆቿን ወደ እኔ ዘረጋች።

«ልጄን ይስጡኝ» አለች።

ሰጠኋት። ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ።

ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር፣ አላወቅኩም ልላችሁ እችላለሁ። ማርከሩን ያነሳሁ ዕለት እውነትም ፈርቼ ነበር፤ እውነትም አላወቅኩም። ከዚያ በኋላ ስላለው ዕድሜስ ምን እላለሁ? የፈራሁት መርፌውን አልነበረም፤ አውቅም ነበር። ይቅር ማለት የሚችሉት ከመሬት በታች ያለችው ራሕመት፣ ስሟን የማላውቃት ከታቢና ሃናን ናቸው። ከእነሱ ቀድማችሁ እናንተ ይቅር እንድትሉኝ አልጠይቅም፤ ብትሉኝም የእናንተ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ሃናን አልደወለችልኝም። እኔም አልደወልኩም። ሕፃኑ መከተቡን በሰው በሰው ሰምቻለሁ። ባሏ ሥራ ላይ ስለነበር አንዲት ጎረቤቷ ክንዷን ይዛ እንደወሰደቻት ነገሩኝ። ጎረቤቷ ማን እንደሆነች አልጠየቅኩም።